አማቲቱ ምን አለች?

«ምራት» የሚለው ስም የወጣላት በሠርጓ ቀን አይደለም፤ ቢሮ ውስጥ፣ ኮሪደር ላይ፣ በሰው ሁሉ ፊት ነው። ነገሩ እንዲህ ነው።

ሶፍትዌር የሚሠሩ ሰዎች ኮምፒውተር ፊት ከመጎለታቸው በፊት የሚጽፉት ነገር አለ። ፕሮግራሙ ምን ሲሆን ምን ማድረግ እንዳለበት፣ ሰው በሚገባው ቋንቋ አንድ በአንድ ይዘረዝራሉ፤ መስፈርት ይሉታል። ቤት ከመሠራቱ በፊት ደጁ በዚህ ይሁን፣ መስኮቱ በዚያ ይሁን እንደ ማለት ነው። መስፈርቱ ከተጣመመ፣ ፕሮግራሙን የሚጽፉት ልጆች የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆኑ፣ የተጣመመውን ነገር አሳምረው ሠርተው ያስረክባሉ። ምራት ደግሞ ያንን ጽሑፍ አንብባ እንከኑን የምታወጣ ፕሮግራም ሠራች። ሳይቃጠል በቅጠል ነበር ሐሳቧ።

ፕሮግራሟ ታዲያ ዓይኗ አይጣል ነው። «ፈጣን ምላሽ ይሰጣል» ተብሎ ሲጻፍ፣ «ፈጣን ማለት ስንት ሴኮንድ ነው?» ትላለች። «በቂ ማስጠንቀቂያ» ሲባል፣ «በቂ ለማን?» ትላለች። «ተጠቃሚው እምቢ ካለ ይሰረዛል» ሲባል ደግሞ፣ «እሺም እምቢም ሳይል ዝም ካለስ?» ብላ ትጠይቃለች። አንድ ቀን የማንቂያ ደወሎችን ክፍል የሚመሩት አንጋፋ መሐንዲስ፣ ሁሉም ሰው «ባለ ደወሉ» የሚላቸው፣ ይህችው ፕሮግራም የላከችላቸውን ጥያቄ ከማተሚያው ላይ ሊያነሡ ሄዱ። ወረቀቱ ይወጣል፣ ይወጣል፣ አያልቅም። በመጨረሻ ክምሩን ታቅፈው ኮሪደሩ መሐል ቆሙና፣ «ኧረ ይቺስ ፕሮግራም አይደለችም፤ አማት ናት!» አሉ። ቢሮው በሳቅ ፈረሰ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ፕሮግራሟ አማት፣ የሠራቻት ልጅ ደግሞ ምራት ሆኑ።

ምራት ያን ዕለት አብራ ሳቀች፤ ምን ታድርግ። ቤቷ ስትገባ ግን ሳቋ ተነነ፤ ቤቷ ውስጥ የእውነት አማት አሉ።

የባሏ እናት፣ እሷ «እማማ» የምትላቸው፣ አብረዋቸው መኖር ከጀመሩ ከርመዋል። እማማ በር ማንኳኳት የሚባል ነገር አያውቁም። ሳሎን፣ ወጥ ቤት፣ መኝታ ቤት፣ ለእሳቸው ሁሉም አንድ ቤት ነው፤ ዘው ይላሉ፣ ዙሪያውን ያያሉ፣ «ይሄ ለምን እዚህ ሆነ?» ይላሉ። ክፋት የለባቸውም፤ ብቻ አይተው ማለፍ አይሆንላቸውም። ምራት ትወዳቸዋለች። አንዳንዴ ደግሞ በሯን ቆልፋ፣ ትንፋሿን ውጣ መቀመጥ ያምራታል። በእሳቸው ማዕረግ ቢሮ ውስጥ እንደሚቀለድ አንድም ቀን አልነገረቻቸውም፤ አፍራ ነው።

እዚያ መሥሪያ ቤት አንድ ያልተጻፈ ሕግ ነበር፤ የሰው ምዕራፍ አይነካም። ሰነድ ሲዘጋጅ እያንዳንዱ ክፍል የራሱን ምዕራፍ ይጽፋል። በፊርማው ቀን የክፍሉ ኃላፊ የራሱን ያነባል፤ የቀሩት ራሳቸውን እየነቀነቁ ያዳምጡና በአንድ ድምፅ «ተስማምተናል» ይላሉ። ምዕራፍ እንደ ጓዳ ነው፤ ባለቤቱ ሳይጠራህ አትገባም። የሌላውን ምዕራፍ «እዚህ ጋ እንዴት ነው?» ብሎ መጠየቅ እንደ ድፍረት ይቆጠራል፤ ደግሞስ ነገ የአንተ ተራ አይደል? ይህን ጨዋነት አንድም ሰው ጥፋት ነው ብሎ አስቦት አያውቅም።

አማት ስትመጣ ሦስት የክፍል ኃላፊዎች ተያይዘው ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ሄዱ። ባለ ደወሉ ነበሩ፤ ስለ ቧንቧና ስለ ግፊት የሚጽፈው ወጣቱ ባለ ቧንቧ ነበረ፤ ስለ ኤሌክትሪክ የምትጽፈው፣ ምላሷ እንደ ምላጭ የሆነው ባለ መብራቷም ነበረች። «ታንብብ» አሉ፤ «ግን የየራሳችንን ለየብቻ ታንብብ። የአንዱን ለሌላው እየወሰደች ነገር አታመላልስብን።» ምራት፣ ፕሮግራሜ ጨርሶ ከምትባረር ብላ፣ እሺ አለች። ቃሏን ሰጠች። በየምዕራፉ መሐል አጥር አጠረችና አማትን በየክፍሉ ቆለፈችባት። ከዚያ ወዲህ አማት ለእያንዳንዱ የራሱን እንከን በጆሮው ትነግረዋለች፤ እሱም ቃል አንድ ሁለት አስተካክሎ የቀረውን ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል።

እንዲህ ሲኖሩ የዓመቱ ትልቁ ሥራ መጣ። አንድ አዲስ ሆስፒታል ኦክስጅን ከማምረቻው እስከ በሽተኛው አልጋ ድረስ የሚያደርስለትን ሥርዓት የሚቆጣጠር ሶፍትዌር አዘዘ። የመስፈርቱ ሰነድ ተጻፈ፤ ወፍራም፣ ያማረ ሰነድ ሆነ። ሊፈረም ጥቂት ቀን ሲቀረው ሥራ አስኪያጁ ምራትን ጠራት። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሲጨንቀው የእስክሪብቶ ክዳን ያኝካል፤ ያን ቀን ክዳኑ ቅርጹን አጥቶ ነበር።

«ስሚኝ፣ ምራት። እኔ አማትሽን አልጠላትም» አላት። «ግን በላይ ያሉት ምን ጠቀመች ይሉኛል፤ የምመልሰው የለኝም። ሐሙስ ይህ ሰነድ ይፈረማል። እስከዚያ አንድ ረብ ያለው ነገር ካላገኘች እንዘጋታለን። አንቺም ወደ ፍተሻ ክፍል ትዛወሪያለሽ።»

ፍተሻ ክፍል ሶፍትዌሩ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ስሕተት የሚፈለግበት ክፍል ነው። ምራት ስለዚያ ክፍል የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ዓመታት የለፋችው ውሻዋ ጅቡ ሳይመጣ እንዲጮኽላት ነው። አማት ከተዘጋች ያ ሁሉ ልፋት ሜዳ ላይ ቀረ ማለት ነው።

አማትን በሰነዱ ላይ ለቀቀቻት። ምዕራፍ በምዕራፍ አስነበበቻት፤ ደግማ አስነበበቻት። አማት ምንም አላለችም። ሦስቱ ኃላፊዎች ደግሞ ሰነፎች አይደሉም፤ ያኔ የተሳቀበትን «ፈጣን» እና «በቂ» ሁሉ ለቅመው አውጥተውታል። ምራት ራሷ ቁጭ ብላ አነበበችው። እያንዳንዱ ምዕራፍ እንከን የማይወጣለት ነበር። ረቡዕ ማታ ቤቷ ገብታ ተኛች። እማማ ሳያንኳኩ ገብተው ብርድ ልብሱን እግሯ ላይ አስተካከሉላትና ወጡ።

ሐሙስ ጠዋት ምራት ለስብሰባው የምትለብሰውን ሸሚዝ ሳሎን ውስጥ ትተኩሳለች። ባሏ ሻወር ቤት በሞቀ ውሃ እየታጠበ ያንጎራጉራል። እማማ ወጥ ቤት በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ሻይ ጥደዋል። ድንገት ጧ! አለና መብራቱ ድርግም፤ እንጉርጉሮውም ከመሐሉ ተቆረጠ።

«ካውያሽ ነው! ካውያው ነው ያጠፋው!» አለ ባሏ ከውስጥ።

«እኔ ሸሚዝ ነው የምተኩሰው! ሸሚዝ መተኮስ ደግሞ ጥፋት ሆነ?»

«እኔስ ገላዬን ነው የታጠብኩት! ዓይኔ ሳሙና ሞልቶታል፣ ውሃውም ቀዘቀዘ!»

እማማ ከወጥ ቤት ወጡ። ሳሎን ገብተው ካውያውን አዩት። ከዚያ ቀጥ ብለው ሄደው የሻወር ቤቱን በር ከፈቱት። «ኧረ እማዬ!» ብሎ ባሏ ፎጣ ፍለጋ ሲራወጥ፣ እማማ እሱን ከቁም ነገር ሳይቆጥሩ ከራሱ በላይ የተሰቀለውን የውሃ ማሞቂያ አዩ። ወደ ሳሎን ተመልሰውም እጃቸውን ወገባቸው ላይ አደረጉ።

«እኔም ሻይ ነው የጣድኩት፤ ምን አጠፋሁ?» አሉ። «ሁላችንም ደህና ሥራ ላይ ነው ያለነው። ቤቱ ግን ይኸው ጠፋ።»

ባሏ ፎጣውን አገልድሞ፣ የሦስቱ ጭነት አንድ ላይ ከብዶት የወረደውን ብሬከር ሊመልስ ወጣ። ምራት ግን ካውያዋን እንደያዘች ቀረች። ሦስት ክፍል፣ ሦስት ንጹሕ ሰው፣ አንድ የጠፋ ቤት። ከክፍል ክፍል ዞረው ነገሩን ያዩት ደግሞ እኚያ በር የማያንኳኩት ሴትዮ ብቻ ናቸው። እሷ ግን ቢሮ ያለችውን አማት በየክፍሉ ቆልፋባታለች፤ ቆልፋባት ደግሞ ለምን አላየሽም ትላታለች።

«እማማ» አለች፤ «አፌ ቁርጥ ይበልልዎት!» ጉንጫቸውን ስማ፣ ሸሚዟን ለብሳ፣ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። አንዱ እጅጌ ተተኩሷል፤ አንዱ አልተተኮሰም።

«ሻይ ሳትጠጪ?» እያሉ እማማ እስከ ደረጃው ተከተሏት።

ቢሮ የደረሰችው ማንም ሳይገባ ነው። አጥሩን ማንሣት የአንዲት ቁልፍ ሥራ ናት። ባለቤቶቻቸው ለቀው በሄዱባቸው አሮጌ ሰነዶች ላይ አጥር የሌላትን አማት ከዚህ በፊት ሞክራታለች፤ «የአንዱ ትእዛዝ የሌላውን ዓላማ የሚያፈርስበት መንገድ አለ ወይ?» ብላ እንድትፈልግ አስተምራታለች። ይሠራል። አሁን ብትጫነው ማንም አያያትም። ጣቷን አስጠጋች። ከዚያ መለሰችው፤ ቃል ሰጥታለች። ቃል አጥፋ ያገኘችው ነገር፣ እውነት ቢሆንም፣ «ጓዳችን ተሰብሮ» ከሚለው ጩኸት በላይ አይሰማም። ስለዚህ አማት ምን እንደምትል ሳታውቅ፣ ባዶ እጇን ወደ ስብሰባው ገባች።

የስብሰባው አዳራሽ ረጅም ጠረጴዛ፣ የታሸገ ውሃና ግድግዳው ላይ ያረፈ የፕሮጀክተር ብርሃን አለው። የሆስፒታሉን ወገን ወክለው የመጡት ዋና ነርሷ ነበሩ፤ ጫማቸው ድምፅ የማያሰማ፣ ንግግራቸው አጭር የሆነ ሴት። ባለ ቧንቧው ምዕራፉን አነበበ። «ተስማምተናል።» ባለ መብራቷ አነበበች። «ተስማምተናል።» ባለ ደወሉ መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ፣ በዚያ በሚያምር ድምፃቸው አነበቡ። «ተስማምተናል።» ሥራ አስኪያጁ የእስክሪብቶውን ክዳን ከአፉ አወጣ።

«ለወጉ ያህል እንጠይቅ» አለ። «ምራት፣ አማትሽ የምትለው አለ?»

አንዳንዱ ፈገግ አለ። ምራት ተነሣች።

«እስካሁን የላትም። ግን እስካሁን ያነበበችው ሰነዱን አይደለም፤ ክፍልፋዩን ነው። አጥሩን እንዳነሣላት ፍቀዱልኝ። እዚሁ፣ ፊታችሁ፣ ሁሉንም አንድ ላይ ታንብበው።» ከዚያ የጠዋቱን ነገረቻቸው፤ ካውያውን፣ ሳሙናውን፣ ሻዩን። ባለ መብራቷ ከት ብላ ሳቀች። ዋና ነርሷም አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

ባለ ደወሉ አልሳቁም። «ልጄ፣ ምዕራፌ ጓዳዬ ነው» አሉ። «ቃል ገብተሽልን አልነበረም?»

«ገብቻለሁ፣ ጋሼ። ስለዚህ ነው ሳልነካው መጥቼ የምለምንዎት። ምንም ካላገኘች እኔው በእጄ እዘጋታለሁ። ወደ ፍተሻ ክፍልም ቃል ሳይወጣኝ እሄዳለሁ።»

አንጋፋው መሐንዲስ አዩዋት። ያልተተኮሰውን እጅጌዋንም አዩት። በሥራቸው የሚኮሩ ሰው ናቸው፤ ኩራታቸው ደግሞ ከመሬት የመጣ አይደለም። ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፋ አደረጉና፣ «እንግዲያው ትግባ!» አሉ። «ጓዳዬ ንጹሕ ነው። አማት ፈርቼ በር አልዘጋም።» የቀሩት ሁለቱ ኃላፊዎችም፣ እሳቸው ካሉማ ብለው፣ እሺ አሉ።

ምራት ቁልፏን ተጫነች።

ግድግዳው ላይ አንዲት ቀጭን መስመር መሙላት ጀመረች፤ ስትንቀሳቀስ ዓይን ይታክታል። ሥራ አስኪያጁ ክዳኑን ወደ አፉ መለሰ። «መነጽሯን እየፈለገች ይሆናል» አለች ባለ መብራቷ። «የለም፣ ጓዳ ውስጥ ጣቷን አቧራ ላይ እያስኬደች ነው» አለ ባለ ቧንቧው። ሳቅ ሆነ። ምራት ብቻዋን ቆማ በልቧ፣ «እባክሽ፣ ዛሬስ አፍሽን ክፈችው» ትላለች። እንዲህ ያለች አማት ትናገር ብላ የለመነች ምራት ከዚህ በፊት የነበረች አይመስለኝም።

መስመሯ ሞላች። እንደ ድሮው ረጅም ዝርዝር ይወርዳል ብለው ሲጠብቁ ግድግዳው ላይ የወጣው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከሦስት ምዕራፍ የተለቀመች አጭር ታሪክ። ምራት ጮክ ብላ አነበበችው።

«መብራት ይጠፋል። የኦክስጅን ማምረቻው ስለሚቆም፣ ሥርዓቱ ወዲያው ወደ መጠባበቂያው ሲሊንደር ይዞራል። በሚዞርበት ቅጽበት የቧንቧው ግፊት ዝቅ ይልና ይመለሳል።»

«ልክ ነው» አለች ባለ መብራቷ። «እንደዚያ ነው የጻፍነው። ምን አለበት?»

«ግፊት ድንገት ዝቅ ሲል፣ ቧንቧ ፈንድቶ ኦክስጅን እየፈሰሰ ሊሆን ስለሚችል፣ ወደዚያ ክንፍ የሚሄደው መስመር በራሱ ይዘጋል። ሰው በእጁ እስኪከፍተው እንደተዘጋ ይቆያል።»

«እሱም ልክ ነው» አለ ባለ ቧንቧው። «ካልተዘጋ እሳት ይነሣል። የግድ...» አለና አፉን እንደከፈተ ቀረ።

«መስመር ሲዘጋ ደወል ይጮኻል። ነገር ግን መብራት በጠፋ ጊዜ መሣሪያው ሁሉ አንድ ላይ እየጮኸ ነርሶችን እንዳያደናግር፣ መብራት እስኪመለስ ድረስ ከመብራት መጥፋት ደወል በቀር ሁሉም ደወሎች ዝም ይላሉ።»

«እሱም ል...» አሉ ባለ ደወሉ። ቃሉን አልጨረሱትም።

ግድግዳው ላይ የአማት የመጨረሻ መስመር እንደ ሁልጊዜዋ ጥያቄ ነበረች፦ «ኦክስጅን ተዘግቷል፤ ደወል ዝም ብሏል፤ ማን ያውቃል?»

ዋና ነርሷ ቀስ ብለው ተነሡ። «ደወሉ ዝም ይበል ብዬ የጠየቅሁት እኔ ነኝ» አሉ። «መብራት ሲጠፋ ሁሉም ነገር እየጮኸ ልጆቼ የቱ ጋ እንደሚሮጡ ይጠፋቸው ነበር። ደግ ነገር መስሎኝ ነው።» ጣታቸውን ወደ ግድግዳው ዘረጉ። «ሦስተኛ ፎቅ ያለው ክንፍ የጨቅላዎቹ ነው፤ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱት። ደወል ካልጮኸ እኛ የምናውቀው የከንፈራቸው ቀለም ሲለወጥ ነው።»

ከዚያ የሆነው ነገር በዚያ መሥሪያ ቤት ታይቶ አያውቅም። ባለ ቧንቧው ብድግ ብሎ ባለ መብራቷ ወንበር አጠገብ ሄደ። «ወደ ሲሊንደር ስትዞሪ ግፊቱ እስከ ምን ድረስ ነው የሚወርደው?» አላት። የሰው ምዕራፍ ጠየቀ! እሷም ሳትቆጣ ምዕራፏን ገለጠችለት። ሁለቱም አንድ ገጽ ላይ ተደፉ፤ የሱን ወሰን ከሷ ቁጥር ጋር አስተያዩ። «ከወሰኔ በታች ይወርዳል» አለ። «መብራት በጠፋ ቁጥር። ሁልጊዜ ይዘጋል።»

ሥራ አስኪያጁ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አኖረና በመዳፉ ገፋው። «ዛሬ ማንም ምንም አይፈርምም» አለ።

ሁሉም ወደ ባለ ደወሉ ዞሩ። እሳቸው መነጽራቸውን አውልቀው ግድግዳውን ያያሉ። ምራት ፈራች፤ ሽማግሌውን አዋረድኩ ብላ ተሳቀቀች። እሳቸው ግን ተነሡና በጠረጴዛው ዙሪያ መጥተው አጠገቧ ቆሙ።

«አማት ያልኳት እኔ ነኝ» አሉ። «ለማሾፍ ነበር። ይኸው ጓዳዬ ገብታ ያየችው ቆሻሻ አይደለም፤ ጓዳዬ ንጹሕ ነበር። ያየችው በጓዳዬና በጓዳችሁ መሐል ያለውን ነው። እዚያ ደግሞ ማናችንም ቆመን አናውቅም።» መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «ዓይኗ ይባረክ። አንቺም ተባረኪ፣ ልጄ።»

ብለውም አጨበጨቡ። አንድ እጅ ብቻውን አያጨበጭብም ቢባልም፣ ለጥቂት ጊዜ የሳቸው ጭብጨባ ብቻዋን ተሰማች፤ ከዚያ ዋና ነርሷ ተቀበሏቸው፣ ባለ መብራቷ ተቀበለች፣ ወዲያው አዳራሹ በሙሉ ቆሞ ነበር። የሚያጨበጭቡት ወደ ግድግዳው ነው፤ ወደዚያች አጭር ጥያቄ። ምራት እንባዋን ባልተተኮሰው እጅጌ ጠረገች። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

አጥሩ ለሁልጊዜው ተነሣ። በቀጣዮቹ ሳምንታት ባለ ቧንቧውን የፈለገ ባለ መብራቷ ዘንድ ያገኘዋል፤ ባለ ደወሉን የፈለገ ደግሞ ወይ ቧንቧ ክፍል ወይ ስልክ ላይ ከዋና ነርሷ ጋር ሲከራከሩ ያገኛቸዋል። ሥርዓቱ ወደ ሲሊንደር በሚዞርበት ቅጽበት መስመሩ እንዳይዘጋ ተደረገ። የኦክስጅን ደወል ደግሞ፣ ሌላው ሁሉ ዝም ቢል እንኳ፣ ዝም እንዳይል ተጻፈ፤ ያንን መስመር ባለ ደወሉ ራሳቸው በእጃቸው ጻፉት። አማት በመሐል ብዙ ጊዜ ጠየቀች። ከእንግዲህ ጆሮ ዳባ ልበስ ያላት ግን የለም፤ እንዲያውም ጠዋት ሲገቡ ከሰላምታ በፊት «ምን አለች?» መባባል ለመዱ።

ሁለተኛው የፊርማ ቀን ደረሰ። ዋና ነርሷ እንደገና መጡ። ምዕራፎቹ ሲነበቡ አንዱ በሌላው መሐል እየገባ ይጠይቃል፤ ስብሰባው ረዘመ፤ ማንም ግን አልከፋውም። በመጨረሻ ያ የለመዱት «ተስማምተናል» የሚባልበት ሰዓት ሲደርስ ማንም አላለውም። ሥራ አስኪያጁ እስክሪብቶውን ይዞ ወደ ምራት ዞረ። አዲስ እስክሪብቶ ነው፤ ክዳኑም ገና አልታኘከም።

«አማቲቱ ምን አለች?» አለ።

ምራት ቁልፏን ተጫነች። መስመሯ ቀስ ብላ ሞላች። ግድግዳው ላይ እንዲህ የሚል ወጣ፦ «የሚጋጭ አላገኘሁም።» ከአማት አፍ የወጣ የመጀመሪያው ምስጋና ነው ማለት ይቻላል። ሁሉም ተነሥቶ አጨበጨበ፤ ባለ ደወሉ በጣታቸው አፏጩ። ዋና ነርሷ ፈረሙ፤ ሲወጡም ምራትን አቅፈው፣ «ለሦስተኛ ፎቅ ልጆቼ» ብለው ብቻ ሄዱ።

ምራት ቤቷ የገባችው ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። እማማ ሳሎን ተቀምጠው የባሏን ካልሲ ይጠቅማሉ፤ ባሏ መስኮቱን ይወለውላል። ምራት ቦርሳዋን ሳታወርድ ፊታቸው ቆመች። ልትደብቀው አልቻለችም።

«እማማ፣ የምነግርዎት አለ። ያ የምሠራው ፕሮግራም... ቢሮ ውስጥ ስሙ አማት ነው።»

እማማ መርፌውን አቆሙ። ባሏም መወልወሉን አቆመ።

«አማት?» አሉ እማማ። «ለምን?»

«ሁሉም ቦታ ስለምትገባ። ሁሉን ስለምታይ። ዝም ስለማትል። መጀመሪያ ለማሾፍ ነበር ያወጡት፤ እኔም አፍሬ ነው ያልነገርኩዎት።» ከዚያ ሁሉንም አወራችላቸው፤ የጠፋውን መብራት፣ ሦስቱን ንጹሓን፣ ሦስተኛ ፎቅ ያሉትን ጨቅላዎች። እማማ ካልሲውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ሳያቋርጡ፣ እስከ መጨረሻው አዳመጡ። እሳቸው ሳያቋርጡ ሲያዳምጡ ያ የመጀመሪያቸው ሳይሆን አይቀርም።

«እና ዛሬስ ምን አደረጓት?»

«ዛሬ ሁሉም ተነሥተው አጨበጨቡላት፣ እማማ። ሥራ አስኪያጁም፣ እኚያ ያሾፉባት ሽማግሌም።»

እማማ ወደ ካልሲው ተመለሱ። መርፌውን አንድ ጊዜ አሳለፉ፤ ክሩን ሳቡ። «እሰይ፣ ደግ አደረጉ» አሉ። ትንሽ ቆይተውም፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሁሉ፣ «ለእኔስ ማንም ተነሥቶ አጨብጭቦልኝ አያውቅም» አሉ።

ያለ ቅሬታ ነው ያሉት፤ ዝናብ ዘነበ አልዘነበም እንደሚባለው። ምራት ግን ቦርሳዋን መሬት ላይ ጣለችው። ሳሎኑ መሐል ቀጥ ብላ ቆማ ማጨብጨብ ጀመረች። ባሏ አንድ ጊዜ እሷን፣ አንድ ጊዜ እናቱን አየ፤ ጨርቁን መስኮቱ ላይ ወረወረና እሱም ተቀበላት። ሁለቱም እየሳቁ፣ እያለቀሱ፣ መዳፋቸው እስኪቀላ አጨበጨቡ።

«ምን ሆናችኋል እናንተ ልጆች!» አሉ እማማ፤ ፊታቸው ግን በርቶ ነበር። «በቃ፣ በቃ፣ ጎረቤት ይሰማል!»

ይህን ይበሉ እንጂ፣ እንዲያቆሙ እጃቸውን አላነሡም።